የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሃሎዊን ድሮና ዘንድሮ

አሜሪካ ያደጉ አንባቢዎቻችን ኦክቶበር 31 ሲመሽ ጭምብል አጥልቀው፣ ባዶ የትራስ ልብስ አንጠልጥለው ከረሜላ ለመቀበል የጎረቤት ደጅ ያንኳኩበትን ሃሎዊን አይረሱትም። ድሮ ቤት የተጋገረ ብስኩትና ፖም ሳይቀር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ቺካጎ አካባቢ በተመረዘ ታይሌኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ 7 ሰዎች ሲሞቱ ግን የወላጅ ስጋት ባሰ፤ ከረሜላውም ተመርዞ ይሆናል በሚል አንድ በአንድ ይፈተሽ ጀመር። ዛሬ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግቢያቸው ውስጥ መኪና አሰልፈው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን አስጊጠው ከረሜላ ያድላሉ። እዚያ ልጅ ከመኪና መኪና ይዞራል እንጂ የማያውቀውን ጎረቤት ደጅ አይረግጥም።

በዚህ እትም በቡሄ ሆያ ሆዬ ብለው ሙልሙል የተቀበሉ ወላጆች፣ ሃሎዊን ከሚያከብሩ ልጆቻቸው ጋር ይከራከራሉ። ፍርዱን ለእናንተ ትተናል።