ወንድም ፍለጋ የወጣችው ጦቢያና የጎብዬ ልጆች

ለልጆች የሚሆን፣ ዘመን ያልሻረው ልብ ወለድ ጠቁሙን ሲባል የሚቀርበው ዝርዝር ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሮቢንሰን ክሩሶ፣ የስቲቨንሰን የሀብት ደሴት፣ ቶም ሳውየር፣ ትንሹ ልዑል። ዝርዝሩ ክፉ አይደለም። ግን ጎብዬ ላለ ልጅ ብሎ ማን መርጦ ያውቃል?

ጎብዬ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አስፋልት መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ልጁ ሂያጅና መጪ እያየ ያድጋል። እህቱ ወይ የአጎቱ ልጅ ዓረብ አገር የሄደችበት ልጅ በየክፍሉ አለ። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን ይዞ ወደ ወልድያ ሲዘልቅ ደግሞ ልጆቹ ቤተሰብ እንዴት እንደሚበታተን በዓይናቸው አይተዋል። ለእነዚህ ልጆች የምመርጠው መጽሐፍ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት፣ ሌላው ደግሞ ሊፈልገው የሚነሣበት ነው።

እንዲህ ያለውን ደግሞ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው ጦቢያ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ተማሪዎቻችን ስሙን ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ውስጡን ግን የነገራቸው የለም። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል። የማያውቀው ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ ‹ውለታውን ሳልከፍል አልቀመጥም› ብሎ ከቤት ይወጣና መንገድ ላይ ተይዞ በባርነት ይሸጣል። መንታ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። ወንድ መስላ ንጉሥ ቤት ድረስ ትዘልቃለች፤ የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወይዘሪትም እውነት ወንድ መስላት በፍቅሯ ትያዛለች። እዚህ ላይ ደርሶ መጽሐፉን የሚከድን ልጅ ካለ አምጡልኝ።

ችግሩ አማርኛው ነው። አፈወርቅ ሲጽፍ ቃል ያዘንባል፤ መከራውን ሳይቀር አሽሞንሙኖ ነው የሚነግረን። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ብቻውን ቢገባበት ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። መጨረሻውም ንጉሡን ክርስቲያን አድርጎ ነው የሚዘጋው፤ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ልጆች በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት አገር መምህሩ እዚያ ላይ ቆም ብሎ ማወያየት አለበት።

ከውጪዎቹ አንዱን ብቻ ካላችሁኝ ሃይዲን እመርጣለሁ። የስዊዘርላንዷ ዮሐና ስፒሪ እ.ኤ.አ. በ1880 እና በ1881 በሁለት ክፍል ያወጣችው ነው። ወላጆቿን ያጣችው ሃይዲ ተራራ ላይ ከአያቷ ጋር ፍየል እየተከተለች ትኖራለች። አክስቷ መጥታ ፍራንክፈርት አንድ ሀብታም ቤት ታስገባታለች፤ መራመድ ለማትችል ልጅ ጓደኛ እንድትሆን። መብሉ ሞልቶ ተርፏል። ናፍቆቱ ግን ሌሊት ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ያስኬዳታል፤ የቤቱ ሰው ሰይጣን ገባብን ብሎ ይሸበራል። እህቷ ጂዳ ያለችባት የጎብዬ ልጅ ይህን ምዕራፍ ለመረዳት አስተማሪ አያሻትም። ሃይዲ ማንበብ የተማረችውም እዚያው በስደቷ ነው፤ ስትመለስ ዓይናቸው ለማያይ የፍየል ጠባቂው የፔተር አያት ታነብላቸዋለች፤ ፊደል የጠላውን ፔተርንም እየተቆጣች ማንበብ ታስተምረዋለች።

ሮቢንሰን ክሩሶን ግን ዝም ብዬ አላሳልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1719 ሲታተም ለልጆች ተብሎ አልተጻፈም። ክሩሶ መርከቡ የተሰበረችበት ባሪያ ሊገዛ ወደ አፍሪካ ሲጓዝ ነው። ከዚያ በፊትም አብሮት ከባርነት ያመለጠውን ዙሪ የሚባል ልጅ ለመርከብ አለቃ ሸጦታል። ይነበብ፤ ከጦቢያ በኋላ ግን። የዋሕድን መሸጥ ያነበበ ልጅ ‹ዙሪስ የት ደረሰ?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጊዜው ከየት ይመጣል የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማሽላው ሲያሽት ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ያባርራል እንጂ መጽሐፍ አይገልጥም። መጽሐፉም በእጁ የለም። ስለዚህ በጆሮው ይጀምር። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን አውቆታል። መምህሩ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ያንብብ፤ ሃይዲን በእንግሊዝኛም ቢያገኘው በአማርኛ ይተርክላቸው። 

መጽሐፉን ማድረስም አያቅትም። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የልጆች መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ሐዋሳ ላይ አዙሯል፤ ጋሪ ደግሞ ጎብዬ ውስጥ ሞልቷል። የጎደለን ጦቢያን በዛሬ አማርኛ አሳጥሮ ለልጆች የሚተርክ ብዕረኛ ነው። ስብከቱንና ውዳሴውን ይቀንሰው፤ ሥዕል ይጨምርበት። ጦቢያ ወንድ መስላ ንጉሥ ቤት የከረመችበትን ግን አንዲት ገጽ እንዳይነካብን።