የገጠር ጎጥ ሕዝብና ታሪክ በአንድ መዝገብ ይያዝ
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በአማራ ክልል ደቡብ ጎንደር ዞን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኙ ጎጦች በስማቸው እንዲቆጠሩና ታሪካቸው እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ከተደረጉት ሦስት ቆጠራዎች በኋላ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ላይ ጋይንትና ስማዳ በ1999ኙ ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራቸው ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ትውልድ ተወልዶ ለአቅመ አዳም ደርሷል፤ ከቀድሞው እስቴ አንዳቤት፣ ከቀድሞው ስማዳ ደግሞ ሰዴ ሙጃ ራሳቸውን ችለው ወረዳ በመሆናቸው የቀድሞው አኃዝ ከዛሬው ወሰን ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

ወሰን ሲቀያየር ጸንቶ የሚኖረው ጎጥ፣ ማለትም በአንድ አካባቢ የተሰባሰቡ ጥቂት ቤተሰቦች የሚኖሩበትና ነዋሪው አገሬ ብሎ የሚጠራው መንደር ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ባዘዘ ጊዜ ብዙ ጎጦች በአንድ ማኅበር ተጠቃለሉ፤ ኋላም ቀበሌ የማኅበሩን ቦታ ሲይዝ የጎጡ ስም ከመንግሥት መዝገብ ይልቅ በሰው ቃል ብቻ ቀረ።

የዚህን ጉድለት ክብደት የጋይንቷ ቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ታሳያለች። ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው የዓመቱ የዜማ ድርሰት፣ ምስክር ቤት በመሆኗ፣ ከየአገሩ የሚመጡ ሊቃውንት ተፈትነው ለማስተማር የሚበቁባት ናት። ክብ በሆነ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የቆየው ጥንታዊ የድንጋይና የእንጨት ሕንፃዋም በ1955 እ.ኤ.አ. በጸሐፊው ቶማስ ፓኬናም አማካይነት ለውጭው ዓለም ታውቋል። ሆኖም ሊቃውንቱን ያስጠጋውና የተማሪውን ቁራሽ የሰጠው ገበሬ ታሪክ ከሕንፃው ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ስለ ቤተልሔም በሚጻፈው ግን እምብዛም አይነሳም።

በእንዲህ ያለ ስፍራ መቁጠር ራሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል፤ የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም ከወላጆቹ ርቆ በጎጆ እያደረ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ፣ በአብነት ትምህርት ቤቱ ካልተመዘገበ በትውልድ ቀዬውም ላይጻፍ ይችላል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣትም እንዲሁ ከሁለቱም ቦታ ሊዘለል ይችላል። ያልተቆጠረ ሰው የጤና ኬላ፣ የትምህርት ቤትና የሴፍቲኔት ድጋፍ ሲታቀድ አይታሰብምና፣ ስሕተቱ የሚያርፈው በነዋሪው ላይ ነው።

ስለዚህ አገልግሎቱ በቀጣዩ ቆጠራ የእያንዳንዱን ጎጥ ስምና የነዋሪ ብዛት ለይቶ እንዲያሳትም፣ ለአብነት ተማሪዎችና ለወቅታዊ ሠራተኞች ግልጽ የአቆጣጠር መመሪያ እንዲያወጣ፣ ከክልሉ የባህል ተቋማት ጋር በመተባበርም የሽማግሌዎችን ቃል፣ የአጥቢያ መዛግብትንና የመሬት ይዞታ ደብተሮችን እያመሳከረ የየጎጡን ታሪክ እንዲያስጽፍ በአክብሮት ይጠየቃል። የሚናገሩት አረጋውያን ዕድሜ ቆጠራውን የማይጠብቅ በመሆኑ፣ ታሪክን የማስጻፉ ሥራ ቆጠራው እስኪደርስ ሳይቆይ ከዛሬ ጀምሮ ሊከናወን ይገባል።