ወደ ሕንድ አገር የሚሄድ ነጋዴ የማይበላውን በስሙ ይጥራ

ንግድ በመተማመን የሚጸና ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። መተማመንም የሚጀመረው በጽሕፈት ቤት ውል በሚፈረምበት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ገዥና ሻጭ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው አብረው በሚመገቡበት ጊዜ ጭምር ነው። ስለሆነም ነጋዴ በባዕድ አገር ገበታ ላይ የሚናገረው ቃል ከንግድ ጉዳዩ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

የኢትዮጵያና የሕንድ የንግድ ግንኙነት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ዛሬም ጥራጥሬ ወደ ሕንድ ይላካል፤ ከዚያም መድኃኒት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረትና የፋብሪካ መሣሪያ ይመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ መንገደኛ ያመላልሳል። ወደዚያ የሚሄደው ነጋዴ ፓስፖርቱን፣ የባንክ ወረቀቱን፣ የዕቃውን ናሙናና የዋጋ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያሰናዳል። በየቀኑ የሚያጋጥመውን የምግብ ነገር ግን ለዕድል ይተወዋል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ጾሙን ሳያውቅ ይገድፋል፤ ሌላው ሙዝና ብስኩት እየበላ ሳምንቱን ይገፋል፤ ሦስተኛው ደግሞ የጋባዡን ገበታ ያለ ምክንያት የናቀ መስሎ ይታያል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ነጋዴ በዐቢይ ጾም ወራት ሙምባይ ገባ እንበል። ጾሙ 55 ቀን ነውና ጉዞዬን ከፋሲካ በኋላ ላድርገው ቢል ገበያው አይጠብቀውም። ምግብ ቤት ገብቶ ወዳጁ ያስጠናውን «ሻካሃሪ» የሚለውን ቃል ይናገራል፤ ትርጓሜውም ሥጋ የማይበላ ማለት ነው። አሳላፊውም በደስታ ተቀብሎ የምስር ወጥ፣ ነጫጭ ቁራጭ የተጨመረበት የጎመን ወጥና ትኩስ ቂጣ ያቀርብለታል። ነጋዴው እግዚአብሔርን አመስግኖ ይበላል። ይሁን እንጂ ምስሩ የተቁላላው «ጊ» በሚባል በተነጠረ ቅቤ ነው፤ ነጩ ቁራጭ «ፓኒር» የሚባል አይብ ነው፤ «ናን» የሚባለውም ቂጣ ብዙ ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል። አሳላፊው መንገደኛውን አላታለለውም፤ የተጠየቀውን በትክክል አቅርቧል። ስሕተቱ የመጣው ከተመረጠው ቃል ነው።

ሕንዳዊ «ሻካሃሪ» ሲል ሥጋና ዓሣ የማይበላውን፣ እንደ ብዙዎቹም ልማድ ዕንቁላል የማይነካውን ሰው ማለቱ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ግን በዚህ ስም ውስጥ የተፈቀዱ ናቸው። የአገሩም ደንብ ይህንኑ ይከተላል። በታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ የሚታተመው አረንጓዴ ክብ ነጥብ ምግቡ ሻካሃሪ መሆኑን ያመለክታል እንጂ ወተት የሌለበት መሆኑን አያረጋግጥም። ዕንቁላል የገባበት ምግብ ይህን ምልክት አያገኝም፤ በቅቤና በወተት የተሠራ ጣፋጭ ግን ያገኛል። ከእንስሳት የተገኘ ነገር ፈጽሞ ለሌለበት ምግብ የተለየ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ መለያ ምልክቱም «ቪ» የሚባለው የላቲን ፊደል ያለበት አረንጓዴ ምልክት ነው። ከሱቅ ገዝቶ ለሚበላ ጾመኛ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ምልክት ነው።

«ጾም ላይ ነኝ» ብሎ መናገርም ችግሩን አያስወግድም። በሂንዲ ቋንቋ ጾም «ቭረት» ወይም «ኡፕዋስ» ይባላል። ነገር ግን በናቭራትሪ በዓል ሰሞን የሚጾሙ ብዙ የሂንዱ እምነት ተከታዮች የሚተዉት እንደ ስንዴና ሩዝ ያለውን የተለመደ እህል ሲሆን፣ ወተት፣ እርጎ፣ ድንችና ፍራፍሬ ይበላሉ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው «ቭረት» ቢል፣ ሊበላው የሚችለው ቂጣ ተነሥቶ የማይበላው እርጎ ሊቀርብለት ይችላል። «ሮዛ» የሚለው ቃል ደግሞ የሙስሊሞች ጾም ስም ስለሆነ፣ ሰሚው መንገደኛው እስከ ማታ ምንም እንደማይቀምስ ይረዳል።

ነጋዴ ይህን ነገር ከራሱ ሙያ ሊረዳው ይችላል። ሰሊጥ ላኪ «ሰሊጥ እልካለሁ» ብሎ ብቻ ውል አይፈርምም፤ ዓይነቱን፣ ንጽሕናውን በመቶኛ፣ የእርጥበቱን መጠንና የጆንያውን ክብደት ያጽፋል። ጠቅላላ ስም በኋላ ክርክር እንደሚያመጣ ያውቃልና። በገበታም ላይ እንደዚሁ ጠቅላላውን ስም ትቶ የማይበላውን ነገር አንድ በአንድ በስሙ መጥራት ይገባዋል። ለዚህም ረጅም ትምህርት አያሻም፤ ጥቂት ስሞችና አራት ዐረፍተ ነገሮች ይበቃሉ።

በሂንዲ ሥጋ «ማንስ» ወይም «ጎሽት»፣ ዓሣ «መችሊ»፣ ዕንቁላል «አንዳ»፣ ወተት «ዱድ»፣ እርጎ «ደሂ»፣ አይብ «ፓኒር»፣ የተነጠረ ቅቤ «ጊ»፣ ያልተነጠረ ቅቤ «መክን»፣ ዘይት «ቴል» ይባላል። ዐረፍተ ነገሮቹም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ «ሜን ማንስ ነሂን ካታ»፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች «ካታ» በማለት ፈንታ «ካቲ» ትላለች። በ«ማንስ» ቦታ «አንዳ»፣ «ፓኒር» ወይም «ጊ» እያስገቡ መናገር ይቻላል።

2ኛ፤ «ክያ ኢስ ሜን ጊ ሄ?»፤ በዚህ ውስጥ የተነጠረ ቅቤ አለበትን? ወተት እንዳለበት መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ አብሳዩ ቅቤውን ከወተት ላይቆጥረው ይችላልና ስለ እያንዳንዱ ለየብቻ መጠየቅ ይበጃል።

3ኛ፤ «ጊ መት ዳሊዬ፤ ቴል ሜን በናኢዬ»፤ ቅቤ አይጨምሩበት፤ በዘይት ይሥሩልኝ።

4ኛ፤ «ሙጄ ሙንግፈሊ ሴ ኤለርጂ ሄ»፤ ኦቾሎኒ አይስማማኝም፤ ያሳምመኛል ማለት ነው። በ«ሙንግፈሊ» ቦታ የማይስማማው ሌላ ነገር ሊገባ ይችላል።

ጾመኛ በእነዚህ ቃላት ቢረዳ በሕንድ ገበታ ላይ አይራብም። ሮቲ የሚባለው ቂጣ በዱቄትና በውሃ የሚጋገር ስለሆነ «ቢና ጊ ኪ ሮቲ» ማለትም ቅቤ ያልተቀባ ሮቲ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የሽምብራ ወጥ፣ ድንችና አበባ ጎመን በዘይት ይሠራሉ። ከደቡብ ሕንድ የመጣው «ዶሳ» ደግሞ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶና በምጣድ ተጋግሮ የሚቀርብ በመሆኑ እንጀራ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ እርሱም ቢሆን በቅቤ እንዳይጋገር አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ሙስሊሙም ነጋዴ የራሱ ጥንቃቄ አለው። «ክያ ዬ ጎሽት ሀላል ሄ?» ብሎ ሥጋው ሀላል መሆኑን ይጠይቃል። በሕንድ አገር «ጀትካ» የሚባል፣ እንስሳው በአንድ ምት አንገቱ ተቆርጦ የሚታረድበት ሥርዓት ስላለ፣ ሥጋው የበግ ወይም የዶሮ መሆኑን ማወቅ ብቻ አያጠግብም። የዓሣማ ስም «ሱአር»፣ የአልኮል መጠጥ ስም «ሸራብ» መሆኑንም ማወቅ ይጠቅመዋል።

ከእምነት ሌላ የጤና ጉዳይ አለ፤ በዚህ ረገድ የሚፈጸም ስሕተት ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ኦቾሎኒ የሚያሳምመው ሰው ፍሬውን በሳሕኑ ላይ ስላላየ ብቻ መተማመን አይገባውም፤ በጉጃራትና በማሃራሽትራ የኦቾሎኒ ዘይት ለወጥ ሥራ የተለመደ ነውና «ሙንግፈሊ ካ ቴል» መሆን አለመሆኑን መጠየቅ አለበት። ስንዴ በሐኪም የተከለከለ ሰውም «ጌሁን» የሚለውን የስንዴ ስም መያዝ ብቻ ሳይሆን «ሂንግ» የሚባለውን ቅመም መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ይህ ቅመም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ይሸጣልና። የስኳር ሕመም ያለበትም ሻይ ሲቀርብለት ማሰብ አለበት። በዚያ አገር ሻይ አብዛኛውን ጊዜ ከወተትና ከስኳር ጋር ተፈልቶ የሚመጣ ስለሆነ ከተቀዳ በኋላ ማረም አይቻልም። አስቀድሞ «ቢና ዱድ ኦር ቢና ቺኒ ኪ ቻይ» ማለትም ወተትና ስኳር የሌለበት ሻይ ብሎ ማዘዝ ነው። ጨጓራውን የሚያመውም «ሚርች ከም» ቢል ቃሪያና በርበሬው ይቀነስለታል።

ቃሉ ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም ሊታሰብበት ይገባል። «ዳሊዬ» እና «በናኢዬ» በአማርኛ «ይጨምሩ»፣ «ይሥሩ» እንደሚባለው ያሉ የአክብሮት ቃላት ስለሆኑ ለአሳላፊም ለጋባዥም ያገለግላሉ። አሳላፊውን «በይያ» ማለትም ወንድሜ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። የሕንድ ባለቤት እንግዳውን ብላልኝ፣ ጨምርልኝ ማለትን ይወዳል፤ ጉርሻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። የጠገበ እንግዳ «በስ፣ ደንየዋድ» ቢል፣ ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ሰሚው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል ቢያደርግም እምቢ ማለቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እሺ፣ ገብቶኛል ማለቱ ነው።

እንግሊዝኛ እያለ ሂንዲ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች አይታጡም። በእርግጥ በታላላቅ ሆቴሎች እንግሊዝኛ ይበቃል። ነገር ግን ነጋዴ ፋብሪካ ለማየት ከከተማ ወጥቶ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሲያርፍ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አሳላፊ ላያገኝ ይችላል፤ ቢያገኝም እንኳ ወጡን የሚሠራው አብሳዩ ነው። ሌሎች ደግሞ ሂንዲ በሕንድ ሁሉ አይነገርም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት በሠንጠረዡ 22 ቋንቋዎችን ይዘረዝራል፤ በቼናይ ታሚል፣ በኮልካታ ቤንጋሊ ይነገራል። ይሁን እንጂ በዴልሂ፣ በሙምባይና በአሕመዳባድ ሂንዲ ሰሚ አያጣም። በሌላው ክፍል የሚሠራ ነጋዴ ያንኑ ቃል በሆቴሉ ጸሐፊ በአካባቢው ቋንቋ አስጽፎ በኪሱ ቢይዝ ይበቃዋል።

ነገሩ በወዲህም ወገን ይታሰብበት። ሕንዳዊ ገዥ አዲስ አበባ ሲመጣ ጋባዡ «የጾም በያይነቱ አለ» ብሎ ይረካል። ለብዙው ሻካሃሪ እንግዳ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከጉጃራት ነጋዴዎች መካከል የጃይን እምነት ተከታዮች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ሥርዓቱን አጥብቆ የሚይዘው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች አይበላም። ሽሮውና ምስሩ በሽንኩርት የተቁላላ ነውና ይህ እንግዳ ከሞላ ገበታ ጾሙን ይነሣል። አስቀድሞ «ሽንኩርት ይበላሉን?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የሌለበት መስተንግዶ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል መልሱ ቀላል ነው። የንግድ ምክር ቤቱ እነዚህን ቃላት በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በኩል በሂንዲ ጽሕፈት አሳትሞ፣ የሂንዲውንም ጽሕፈት ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው አስመርምሮ፣ ወደ ሕንድ ለሚሄዱ አባሎቹ ቢያድል ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በየንግድ ቤቱ ያለ ጸሐፊ የአለቃውን የጉዞ ወረቀት ሲያሰናዳ፣ አለቃው የማይበላውን ነገር በዝርዝር ጠይቆ አንድ ካርድ ይጻፍለት። ጽሑፉ አምስት መስመር ቢሆን ነው። አምስት መስመር ግን የአንዱን ጾም፣ የሌላውን ጤና፣ የሁለቱንም ወዳጅነት ይጠብቃል፤ ለናሙናውና ለዋጋ ዝርዝሩ ይህን ያህል የሚተጋ ነጋዴም ለራሱ ይህን ሊነፍግ አይገባውም።