የቆጋን የመስኖ መሬት ለቤት መሠረት አንስጥ

በሜጫና በአካባቢው ለምትኖሩ ገበሬዎች፣ ለመርዓዊ ከተማ ነዋሪዎች፣ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ለምታጠራቅሙ ወጣቶች፣ እንዲሁም በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለምትኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፦

የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። በዚህ ውሃ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲለማ ታስቦ ቦዮች ተዘርግተዋል። ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ በበጋ የሚደርሰው በዚሁ ነው፤ አቮካዶውም እስከ ውጭ ገበያ ደርሷል። ከዚህ መሬት ላይ አንድም አዲስ የመኖሪያ ቦታ እንዳይሸነሸን ዛሬውኑ አብረን እንድንቆም እጠይቃችኋለሁ።

የዚህ መሬት ዋጋ አንዴ ተከፍሏል። ግድቡ ሲሠራ ቤታቸውና እርሻቸው ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ የነበረ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀው ተነሥተዋል። በመስኖው ክልል የነበሩ ገበሬዎችም ከይዞታቸው ቀንሰው ለተነሺዎቹ አካፍለዋል። ከአፍሪካ ልማት ባንክ የተገኘው ብድርም የአገር ዕዳ ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው ቀዩ አፈር በበጋም ውሃ እንዲያገኝ ነው። ያንኑ አፈር በድንጋይና በሲሚንቶ መክደን የተነሡትን ሰዎች ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

የሚመጣውን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባሕር ዳር ዙሪያ እነ ዘንዘልማና ሰባታሚት የገበሬ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ከተማው ደርሶባቸዋል። መርዓዊም ከባሕር ዳር ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ የምታድግ ከተማ ናት። ማደጓ ደግ ነው፤ ወዴት እንደምታድግ ግን አስቀድሞ ካልተወሰነ ደላላው ይወስናል።

በመስኖ መሬት ላይ የሚሠራ ቤት ጉዳቱ በራሱ አጥር አያበቃም። የቆጋ ውሃ ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሾቹ በመሬቱ ዘቅዛቃነት እየወረደ ነው የሚደርሰው። ራስጌ ላይ ትንሿን ቦይ የደፈነ ግድግዳ ግርጌ ያሉትን ሁሉ ውሃ ይነሣቸዋል። ማፋሰሻው ከተዘጋ ደግሞ የክረምቱ ጎርፍ በሰው ማሳ ላይ ይተኛል። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ፍሳሽና ፕላስቲኩ ወደ ቦዩ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ጣና ይሄዳል። አንድ ቤት ከቆመ በኋላ የጎረቤቱ ማሳ ዋጋ በቦታ ሒሳብ ይወራል፤ ያን ጊዜ ማረስ ሞኝነት ይመስላል።

ቤት የሚፈልገው ወጣት ጥያቄው እውነተኛ ነው። መሬት የሌለው፣ ትዳር የያዘ፣ ኪራይ ያማረረው ብዙ ነው። መልሱ ግን ከመስኖው ክልል ውጭ ውሃ በማይወጣበት ጉብታ ላይ ቦታ ማዘጋጀት፣ በከተማው ውስጥም ወደ ላይ መሥራት ነው። በመስኖው ውስጥ ከቀድሞ ጀምሮ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ይነሡ አልልም፤ ጥሪዬ አዲስ እንዳይጨመር ነው።

ስለዚህ፦

ገበሬዎች፦ በኪራይ ወይም በብድር ስም የተሸፈነ የሽያጭ ውል አትፈርሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ከይዞታችሁ እንዳትነቀሉም ይጠብቃችኋል። የይዞታ ደብተራችሁን ለማንም አታስይዙ።

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራትና የውሃ አባቶች፦ ከክረምት ማግስት ቦይ ለመጥረግ ስትወጡ ወሰኑን አብራችሁ ዙሩ። የተጣለ አዲስ መሠረት ካያችሁ ቦታውንና ቀኑን መዝግባችሁ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውን አስቀሩ። በጉልበት ለማፍረስ ግን ማንም እጁን አያንሣ።

ቦታ ፈላጊዎችና ገንዘብ የምትልኩ ወገኖች፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታው በመስኖ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከሆነ አትክፈሉ፤ ጨረቃ ቤት ለልጅ የሚወረስ ሀብት አይሆንም።

የወረዳና የከተማ አስተዳደሮች፦ የመስኖውን ወሰን የሚያሳይ ካርታ በየቀበሌው ለጥፉ፤ መሬት ላይም ምልክት አኑሩ። የከተማው ፕላን ሲከለስ ገበሬውን ሳታወያዩ አታጽድቁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ «በቆጋ የመስኖ መሬት ላይ አዲስ ቤት አይሠራም።» ተወያዩበት፣ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት፣ ፈርሙበት፣ ለወረዳው አስገቡት። የአንድ ቀበሌ ቃለ ጉባኤ ብቻውን ሊናቅ ይችላል፤ ከዋናው ቦይ ጫፍ እስከ ጫፍ ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ ያስገቡትን ግን ማንም መሳቢያ ውስጥ ሊያስቀምጠው አይችልም።