ቁልፍ አስረክቦ መሰወር ይብቃ

ይድረስ የኤሌክትሪክ መኪና ለምታስመጡና ለምትሸጡ ሁሉ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ኮሮላና ቪትዝ፣ ዶልፊንና አይሱዙ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ዛሬ ግቢዬ ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ጭስ ማውጫ የላቸውም። በዚህ ደስተኛ ነኝ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግምና ዳገቱን ሲወጣ ምንም አይጎድልበትም። ቅሬታዬ በመኪናው ላይ አይደለም፤ በአሻሻጣችሁ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አባት መኪናቸውን አስጭነው መጡ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራትና አንድ መስመር የቻይንኛ ጽሑፍ በርቷል። የሸጡላቸው ሰዎች በስልክ፣ «ባትሪው ሳይበላሽ አይቀርም፤ ዕቃው ታዝዞ እስኪመጣ ሦስት ወር ይጠብቁ» ብለዋቸዋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የስልኩን ካሜራ ጽሑፉ ላይ ደቀነና ተረጎመው፦ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አንሷል ይላል። ከሥር ገብተን ስናይ አንዲት ቱቦ የምትታሰርበት ቀለበት ላልቶ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ይላል። ማጥበቁ አሥር ደቂቃ አልወሰደብንም። የትኛው ዓይነት ፈሳሽ እንደሚሞላ ለማወቅ ግን ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ምክንያቱም ሰውዬው ከመኪናው ጋር የተቀበሉት ቁልፍና ሊብሬ ብቻ ነበር። እኔ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጆቻቸውን ይዘው ታክሲ ሲጋፉ ከርመዋል።

ስለምትነግሩን ኪሎሜትርም ልናገር። «አንዴ ሞልተህ 500 ትሄዳለህ» ትላላችሁ። ቁጥሩ የተወሰደው ከቻይናው መለኪያ ነው። የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን የአውሮፓው 46 ገደማ ነው፤ ስለዚህ የቻይናው ቁጥር ከአውሮፓው ከፍ ይላል። ይህን እያወቃችሁ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ጎጃም ለሚነሳ ሰው ያንኑ ቁጥር መንገር ማታለል ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው የተወሰነ ኃይል ይመልሳል፤ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ የመለሰውንም ሌላውንም ይበላል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ በቁልቁለት የሚመለሰውን ኃይል መቀበል እንደማይችል፣ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ እንደሚወድቅስ ለስንት ገዢ ነግራችኋል? ሽሮ ሜዳ ቤቱ ሞልቶ በየጠዋቱ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

የመኪና ውድድር እወዳለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነስቼ አያለሁ። የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር የሆነው ፎርሙላ ኢ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ቤይጂንግ ላይ ሲጀመር የአንድ መኪና ባትሪ እስከ መጨረሻ ስለማያደርስ ነጂው በውድድሩ መሐል ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። ጉድለቱን ማንም አልደበቀም፤ ሕዝብ እያየ ነበር የሚለውጡት። በአምስተኛው የውድድር ዘመን አንዱ መኪና ጀምሮ የሚጨርስ ሆነ። ፎርሙላ 1ም በዚያው በ2014 ባለ 1.6 ሊትሩን ሃይብሪድ ሞተር ሲጀምር፣ መሐንዲሱ በእያንዳንዱ ዙር ባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ እያየ ለነጂው በሬዲዮ ይነግረው ነበር። የእናንተ ገዢ ግን ያገለገለ መኪና ሲገዛ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት መቶኛ እንደቀረው እንኳ አያውቅም። በመሣሪያ የሚነበብ ነገር ነው፤ አንብባችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጡት።

«ሃይብሪድ ይሻል ነበር» የሚሉኝ ደንበኞች አሉኝ። ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው እኔም እንደዚያው አስባለሁ፤ ከተማ ውስጥ ለሚውል ግን ሁለት ሞተር ተሸክሞ መዞር ትርፉ አይታየኝም። ሆኖም የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ክርክሩ ለገዢው ብዙም አይጠቅመውም። አማራጩ ጠብቦበት ነው ወደ እናንተ የሚመጣው። መንግሥት ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይስ ነፃ ባደረጋችሁ ጊዜ የተረፋችሁን ገንዘብ ጥቂት ቆርሳችሁ መለዋወጫ መጋዘን ብታስገቡ፣ የጥገና መመሪያውን ብታስተረጉሙ፣ መመርመሪያ መሣሪያውን ቆልፋችሁ ከምትይዙ ለጋራዦች ብትሸጡ ምን ትጎዳላችሁ?

ስልኩን የደቀነው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። 400 ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ እንዴት እንደሚያቋርጥ የተማረው ማታ ማታ ቪዲዮ እያየ ነው። ጓንቱን ከደሞዙ ቆጥቦ ራሱ ገዛ። ገመዱን በነካ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። የአንድ ሳምንት ሥልጠና አዘጋጁና ጥሩት፤ የሳምንቱን ደሞዝ እኔ እከፍለዋለሁ።