ቤንዚን ቢበዛ ነጂውን ከመክሰስ አስቀድሞ

በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ አንድ ክርክር አለ። መቶ ኪሎሜትር በ10 ሊትር ቤንዚን ይሄድ የነበረ አውቶሞቢል 13 ሊትር የጠየቀ እንደ ሆነ፥ የንብረት ሹሙ መዝገቡን አይተው ወዲያው ነጂውን ያስጠሩታል። ነጂው «እኔ ምን አውቃለሁ፥ ጌታዬ» ይላል፤ ሹሙም «ታዲያ ቤንዚኑ ወዴት ሄደ?» ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ምስክር የሚጠራ የለም። ነገር ግን ምክንያቱ በመኪናው ላይ ከሆነ፥ የነጂው ደመወዝ ቢቈረጥ ስሙም ቢጠፋ ቤንዚኑ በማግስቱ እንደዚያው ይቃጠላል። ቤንዚን የሚሰርቅ ነጂ የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ። ሌብነትም ቢሆን ግን የሚታወቀው በልክ ነው እንጂ በጥርጣሬ አይደለም።

ልኩም አስቸጋሪ አይደለም። ሰልባቲዮውን ሞልቶ የኪሎሜትሩን ቊጥር መጻፍ፥ ከጥቂት ቀን ጒዞ በኋላ በዚያው ማደያ መልሶ ሞልቶ፥ የገባውን ሊትር ለተሄደው ኪሎሜትር አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይገባም። አሞላሉ ሁልጊዜ እኩል አይሆንምና፥ 20 ሊትር በተቀዳበት ጊዜ የ4 ሊትር ልዩነት ቢኖር ስሕተቱ አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ለክቶ መደመር ይሻላል። መንገዱም ይታሰብ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ስለ ሆነች፥ ሲወርድ የቈጠበ መኪና ሲወጣ ይከፍለዋልና ልኩ የደርሶ መልስ ይሁን። ዙሪያው በ5 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የገባለት መኪና ደግሞ ቈጣሪው የሄደበትን መንገድ አሳንሶ ይናገራል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ሳይበዛ የበዛ ይመስላል።

መብዛቱ በእውነት ከታወቀ በኋላ የጒድለቱን መጠን ከምክንያቱ ጋራ ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ይህነን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የጎማው ንፋስ 35 መሆን ሲገባው 25 ቢሆን የሚያመጣው ብክነት 2 በመቶ ገደማ ነው። ጎማውን መንፋት የሚገባ ሥራ ቢሆንም፥ ለጠፋው 3 ሊትር መልስ አይሆንም። የአየር ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ካርቡሬተር ባለው አሮጌ መኪና መቈሸሹ ቤንዚን ያበዛል፥ በኮምፒዩተር በሚመራው መኪና ግን ጒልበቱን ይቀንሳል እንጂ ቤንዚኑን ብዙም አይለውጠውም። ብዙ ጋራዦች ማጣሪያውንና ካንዴላውን ከሁሉ አስቀድመው የሚለውጡት፥ ለመለወጥ ስለሚቀል ይመስለናል።

ጒድለቱ ትልቅ ሲሆን ትልቅ ምክንያት ይፈለግ። ከጒዞ በኋላ ሳይነኩ እጅን ወደ አራቱ ቸርኬዎች ቢያስጠጉ፥ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ እንደ ሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው። የሙቀት መርፌው ረዥም መንገድ ተሄዶም ከታች የቀረ እንደ ሆነ፥ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል። በጭስ መውጫው ላይ ኦክስጅንን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ የአየሩንና የቤንዚኑን ልክ ይስታል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር በሚሰጠው ምክር፥ እንዲህ ያለውን ከባድ ብልሽት ማስጠገን መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደውን መንገድ እስከ 40 በመቶ ሊጨምረው ይችላል። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ለወራት እየበራ ነጂው ሲከሰስ፥ መብራቱን ያየ ሌላ ሰው አልነበረምን?

በኪሎሜትር ቈጣሪ ከቶ የማይጻፍ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እርሱም ቆሞ መሥራት ነው። ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ፥ እንደ ትልቅነቱ መጠን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ያቃጥላል፤ ኪሎሜትሩ ግን አንድ ስንኳ አይጨምርም። በስብሰባ አዳራሽ፥ በለቅሶ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሞተሩ ሳይጠፋ በቀን ሁለት ሰዓት የሚጠብቅ መኪና፥ በ25 የሥራ ቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያባክናል። መኪናው ውስጥ ሙቀት እንዳይገባ ሞተሩን አታጥፋ ብለው ያዘዙት ባለሥልጣኑ ናቸው። ቤንዚኑ ጐደለ ሲባል ግን የሚጠየቀው ነጂው ነው፤ እርሱም «ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት» ብሎ በሹም ፊት ሊናገር አይደፍርም።

አገራችን ቤንዚኗንና ናፍጣዋን ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ የምታስመጣ ናት። መንግሥትም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጁን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀምሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ በእጃችን ያሉት ብዙ ዘመን ሊያገለግሉን ግድ ሆኗል። ስለዚህ በየመኪናው አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ነጂው ሊትሩንና ኪሎሜትሩን፥ መካኒኩ የለወጠውን ዕቃ ይጻፉበት። ሞተሩ ቆሞ የሠራበትንም ሰዓት፥ መኪናውን ያስጠበቁት ባለሥልጣን ራሳቸው ጽፈው ይፈርሙበት።