ግጥምና የዘር ንቀት

የሙሴ እኅት ማርያም እስራኤል ባሕሩን በተሻገሩ ጊዜ ከበሮ ይዛ ለእግዚአብሔር የዘመረች ነቢዪት ነበረች። ያችው ማርያም ወንድሟ ኢትዮጵያዊት ሴት ስላገባ ባማችው ጊዜ ግን በለምጽ እንደ ተመታች በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ተጽፎአል። ምስጋና የወጣበት አፍ ለንቀትም ዋለ።

ይህ በአገራችንም አለ። ዛሬ በቡናዋ የምትታወቀው ጅማ በ19ኛው መቶ ዓመት በሂርማታ ገበያዋ ሰው የሚሸጥባት ነበረች። በ1934 ዓ.ም. የባርነት ሥርዓት በዐዋጅ ቢሻርም፣ ዐዋጁ የሻጭንና የገዢን እጅ ያዘ እንጂ የሰውን መልክና ትውልድ የሚያዋርደውን ስንኝ አልያዘም። ስንኝ ቤት ስለሚመታ ሕፃን እንኳ ትርጉሙን ሳያስተውል ይይዘዋል። ከከምባታና ከዳውሮ ወደ ሊሙና ወደ አጋሮ ቡና ለመልቀም የሚመጣው ሠራተኛም ስሙ ሳይጠየቅ በነገዱ ብቻ ሲጠራ ይሰማል።

እንዲህ ላለው ስንኝ የሚመልሰው ግጥም ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ገጠመ። አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የሰማውን ንቀት የሚደግም ሰው አያስብም፣ ሲጠየቅ ግን ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ ቡና ተፈልቶ እንግዳ ለማሣቅ ብሎ እንዲህ ያለ ስንኝ ቢጥል፣ አባወራው ሳይሥቅ ዝም ማለቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ልጅ የዝምታውን ምክንያት አያውቅም። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ልጁ ራሱ በሌላ ስንኝ እንዲመልስ ይታዘዝ፤ ቅኔ ቤት የዋለ ዘመድ ካለም ቤት መምታቱን ያግዘው።